የመንዝ በግ ዘሩ እንዴት ይሻሻላል?

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝና በግሼ ደጋ አንድ ቤተሰብ ገንዘብ ሲቸግረው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በበጎቹ ላይ ነው። የማዳበሪያ ዕዳ ቢሆን፣ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ቢሆን፣ ድንገተኛ ሕመም ወይም ተዝካር ቢሆን፣ ከበረት አንድ በግ ተጎትቶ ይወጣና ቀዳዳው ይደፈናል። በልግ ሲከዳና ገብሱን ውርጭ ሲመታው ቤቱን ይዞ የሚያሻግረውም በግ ነው። ስለዚህ የበግ ዘር እንዴት እንደሚሻሻል ማወቅ ለደጋው ተማሪም ለወላጁም የኑሮ ዕውቀት ነው።

ዘር ማሻሻል ሦስት ሥራዎችን ይጠይቃል፤ ምርጡን ለይቶ ማስቀረት፣ በሰው ፊት አቁሞ ማስመርመር፣ ትውልዱንና ውጤቱን ጽፎ መያዝ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ሁለቱ አይጸኑም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመንዝ በግ ምን ዓይነት በግ ነው?

የመንዝ በግ ቁመቱ አጠር፣ አካሉ ደልደል ያለ የደጋ በግ ነው። ላቱ አጭርና ስብ የያዘ ሲሆን ጫፉ ወደ ላይ ይታጠፋል። አውራው ቀንዳም ነው። ፀጉሩ ሻካራ ሱፍ ነው፤ ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል፣ ባናና ዝተት ይወጣዋል። የጎለመሰች እናት በግ ክብደቷ ከ20 ኪሎ ብዙም አይርቅም።

ይህ ትንሽነቱ ብዙዎችን ያሳስታል። መሐል ሜዳን የመሰለው አገር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ሌሊቱ ብርድ፣ ግጦሹ ስስ ነው። እዚያ ትልቅ አካል ብዙ መኖ የሚጠይቅ ሸክም ይሆናል። በ1990ዎቹ በደብረ ብርሃን የምርምር ጣቢያ የመንዝና የሆሮ በጎች በአንድ ቦታ እየረቡ ሲነጻጸሩ፣ በአካሉ የሚበልጠው የሆሮ በግ ቢሆንም ግልገሎቹ በብዛት የተረፉት የመንዙ ነበር።

ዶክተር ሰሎሞን ግዛው በ2008 በኔዘርላንድ በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት የኢትዮጵያን በጎች በዘር መርምረው በዘጠኝ ዝርያዎች ከፍለዋቸዋል። ከዘጠኙ አንዱ በአጭርና ስባም ላታቸው የሚታወቁትን የሰሜን ደጋ በጎች ይይዛል፤ የመንዝ በግም የዚሁ ወገን ነው። ባለቤቱ ዘወትር ስለሚያየው እንደ ተራ የሚቆጥረው በግ፣ ብርድን፣ የመኖ እጥረትንና የሆድ ትልን ሲቋቋም የኖረ ዘር ነው።

ከውጭ የመጡ ዘሮች ምን አስተማሩን?

ከሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ የአገራችንን በግ በአንድ ጊዜ ለማሳደግ የውጭ አውራዎች ሲገቡ ቆይተዋል። ሜሪኖ፣ ሮምኒ፣ ኮሪዴል፣ ሃምፕሻየር፣ በኋላም አዋሲና ዶርፐር መጥተዋል። በሰሜን ሸዋ ደብረ ብርሃንና አመድ ጉያ ላይ የሚገኙት የበግ ማራቢያ ማዕከላት ድቅል አውራዎችን አርብተው ለገበሬው ሲያከፋፍሉ ኖረዋል።

የኮሪዴልና የሃምፕሻየር ድቅሎች በገበሬው ዘንድ አልተወደዱም። አንዱ ምክንያት ላት የሌላቸው መሆኑ ነበር፤ ላት የሌለው በግ በደጋው ዓይን ጎዶሎ ነው፣ ገበያም አያወጣም። አዋሲ ግን ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጣ ባለ ላት በግ በመሆኑ ተቀባይነት አገኘ። ድቅሉ መኖ ባለበት ቤት ፈጥኖ ያድጋል፤ መኖ በሌለበት ቤት ግን ብልጫው ይቀንሳል። ማዲ ቪስና የተባለው፣ ቀስ ብሎ ሳንባን የሚጎዳው በሽታ በማራቢያዎቹ ሲገኝም ሥርጭቱ መቋረጥ ግድ ሆኖበታል።

ከዚህ የምንማረው ድቅል መጥፎ ነው ማለትን አይደለም። ድቅል ድርቆሽ፣ የእንስሳት ሕክምናና የማያቋርጥ የአውራ አቅርቦት ላለው አርቢ ይስማማል። እነዚህን ለማያገኘው አብዛኛው ገበሬ የሚያዋጣው ደግሞ በእጁ ያለውን ዘር ከውስጡ መርጦ ማሳደግ ነው።

ምርጡ ለምን ቀድሞ ይሸጣል?

ገበሬ ለዘር የሚያስቀምጠውን ገብስ ከአውድማው ለይቶ፣ ፍሬው የሞላውን መርጦ፣ በረሃብ ጊዜ እንኳ ሳይነካው ያቆያል። በበጉ ላይ የሚያደርገው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ፈጥኖ ያደገው ጠቦት ለዓመት በዓል ዋጋ ያወጣልና ገበያ ይወጣል። የቀጨጨው ገዢ አጥቶ ይቀርና በረት ውስጥ እናቶችን የሚያጠቃው እሱ ይሆናል። ማንም አስቦበት ሳይሆን፣ ዓመት እስከ ዓመት ደካማው አባት እየሆነ ይሄዳል። የምርምር ሰዎች ይህንን የተገላቢጦሽ ምርጫ ይሉታል።

ጉዳቱ ከባድ የሚሆነው በአውራውና በእናቲቱ ድርሻ ልዩነት ነው። አንዲት እናት በግ በአንድ ወሊድ ብዙውን ጊዜ አንድ ግልገል ትሰጣለች። አንድ አውራ ግን በአንድ ዓመት የሃያና የሠላሳ ግልገሎች አባት ሊሆን ይችላል። ግልገሉ ከእያንዳንዱ ወላጅ እኩሌታውን ስለሚወርስ፣ የመንጋው ነገ በግማሽ በጥቂት አውራዎች እጅ ነው። አሥር እናቶችን ከመምረጥ አንድ አውራ በትክክል መምረጥ ይቀልላል፣ ውጤቱም ፈጥኖ ይታያል።

አንድ ቤት ብቻውን ይህን ለማድረግ ይቸገራል። አምስት ስድስት በግ ያለው ሰው ምርጡን ጠቦት አስቀርቶ የበዓሉን ገንዘብ ቢተው ጉዳቱ የእሱ፣ ጥቅሙ ግን በጋራ ግጦሽ ላይ በጎቻቸው ለሚቀላቀሉት ለጎረቤቶቹም ጭምር ነው። መፍትሔውም የጋራ መሆን አለበት።

የምርጫው ቀን

ይህ የጋራ መፍትሔ በተግባር የተሞከረ ነው። ከ2009 ጀምሮ በአራት ዝርያዎች፣ በአፋር፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በመንዝ፣ ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ የበግ ዘር ማሻሻያ ሥራ ተጀመረ። ኢካርዳ የተባለው የደረቅ አካባቢዎች ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማዕከል፣ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ በቪየና የሚገኘው ቦኩ ዩኒቨርሲቲና የአገራችን የግብርና ምርምር ተቋማት ተባበሩበት። በመንዝ በኩል ሥራው የተያዘው በመሐል ሜዳና በሞላሌ አካባቢ ሲሆን የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ይከታተለዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ግልገል ሲወለድ ጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግለታል፤ ይመዘናል፤ በመዝገብ ይገባል። ጠቦቶች ለገበያ ከመድረሳቸው በፊት የመጀመሪያው ምርጫ ይካሄዳል፤ ተስፋ የተጣለባቸው እንዳይሸጡ ይደረጋል። ዓመት ገደማ ሲሞላቸው የመጨረሻው ምርጫ ይመጣል።

በዚያ ቀን አውራዎቹ ሜዳ ላይ በተርታ ይቆማሉ። ገበሬው ራሱ የመረጣቸው መራጮች በየበጉ ፊት ይቆማሉ። እጃቸውን ወገቡ ላይ አሳርፈው አጥንቱ በጣት ይቆጠር እንደሆነ ይዳስሳሉ። ላቱን በመዳፍ አንስተው ስፋቱን ይለካሉ፤ ጠባብ ከሆነ ይመለሳል። ከንፈሩን ገልጠው ጥርሱን፣ ጎንበስ ብለው ፍሬውን ያያሉ፤ አንዱ ፍሬ ያነሰ በግ ምንም ቢያምር ለዘር አይሆንም። እግሩ ቀጥ ማለቱን ለማየት ያስረምዱታል። ከዚያ ወደ መልኩ ይሄዳሉ፦ ነጭ፣ ቀይ፣ ዳማ፣ ቦቃ። ለበርኖስ ሲባል ይፈለግ የነበረው ጥቁር ዛሬ በገበያ ስለሚረክስ ክርክር ያስነሳል። በመጨረሻ መዝገቡ ይገለጥና ዓይን ያየው ከተጻፈው ጋር ይመዛዘናል።

ይህ በአደባባይ መሆኑ ትልቅ ጥቅም አለው። ሰው በቤቱ የራሱ በግ ሁሉ ያምርበታል፤ ከጎረቤቱ በግ ጎን ሲቆም ግን ልዩነቱ ለሁሉም ይታያል። ክርክሩ ራሱ ትምህርት ነው፤ ወጣቶች ከአዋቂዎች አፍ ጥሩ አውራ ምን እንደሆነ የሚማሩት እዚያ ነው።

የተመረጠው በግ በጋራ ገንዘብ ይገዛል። ባለቤቱ የገበያውን ዋጋ ስለሚያገኝ አይጎዳም። አውራው አገልግሎቱን ሲጨርስ ተኮላሽቶ ይደልብና ይሸጣል፤ ገንዘቡ ወደ ካዝናው ተመልሶ ሌላ አውራ ይገዛበታል።

ሚዛን ብቻውን ለምን አይበቃም?

ሁለት የስድስት ወር ጠቦቶች አሉ እንበል። ሀ 14 ኪሎ፣ ለ 13 ኪሎ ይመዝናሉ። ዓይንም ሚዛንም ሀን ይመርጣሉ። መዝገቡን ስንገልጥ ግን ሀ ብቻውን የተወለደ፣ እናቱ አራት ጊዜ የወለደች፣ የተወለደውም ክረምቱ ወጥቶ ሣር በጠገበበት ወቅት ሆኖ ይገኛል። ለ ግን መንታ ነው፤ ወተቱን ከእህቱ ጋር ተካፍሏል፣ እናቱ የበኩር ወላጅ ናት፣ የተወለደውም በደረቁ ወራት ነው።

ሀ ያገኘው ተጨማሪ ኪሎ በአብዛኛው የእናቱ ወተትና የወቅቱ ሣር ነው። ወተትና ሣር በዘር አይተላለፉም። ለ ግን በዚያ ሁሉ ችግር 13 ኪሎ መድረሱ በደሙ ውስጥ ጥሩ የማደግ ችሎታ እንዳለ ያመለክታል፤ ለልጆቹ የሚያወርሰውም ያንን ነው። ተመራማሪዎች የወሊድ ዓይነትን፣ የእናት ዕድሜን፣ የልደት ወቅትን በስሌት እያስተካከሉ ለእያንዳንዱ አውራ የዘር ዋጋ የሚያወጡለት ለዚህ ነው።

ስሌቱ ግን የሚሠራው የተጻፈ ነገር ሲኖር ብቻ ነው። ስለዚህ በዘር ማሻሻል ውስጥ ከባዱ መሣሪያ ደብተር ነው። አንድ ዓመት ሳይጻፍ ከታለፈ የአባትና የልጅ ሰንሰለቱ ይቆረጣል፤ የተቆረጠውን በማስታወስ መቀጠል አይቻልም።

ከዝምድና መጠበቅ

ጥሩ አውራ ሲገኝ እሱን ይዞ መቆየት ያጓጓል። ነገር ግን ከሁለት ዓመት በላይ በአንድ መንጋ ቢቆይ የገዛ ልጆቹን ማጥቃት ይጀምራል። በዝምድና የተወለዱ ግልገሎች ሲበዙ ልደታቸው ቀጫጫ፣ ሞታቸው ብዙ፣ እናትነታቸው ደካማ ይሆናል። ስለዚህ አባላት በግጦሽና በጉርብትና በቡድን ይከፈላሉ፤ የአንዱ ቡድን አውራ ጊዜው ሲደርስ ወደ ሌላው ይዛወራል። ያልተመረጡት ወንዶችም ይሸጣሉ ወይም ይኮላሻሉ። አንድ ያልተኮላሸ ደካማ ጠቦት በጋራ ግጦሽ ላይ ከቀረ የመራጮቹን ልፋት ያፈርሳል።

የዕድሜ ልክ ሥራ

በእንግሊዝ አገር ሮበርት ቤክዌል የተባለ ገበሬ፣ ከ1725 እስከ 1795 የኖረ፣ በዲሽሊ እርሻው የሌስተርን በግ ከውስጡ እየመረጠ አሳድጎታል። አውራዎቹን ከመሸጥ ይልቅ ለጎረቤት አርቢዎች በኪራይ ይሰጥ ነበር፤ ልጆቻቸው በተለያየ መንጋ እንዴት እንደሚያድጉ አይቶ ምርጡን ወደ ቤቱ ይመልሳል። በመንዝ አውራ ከቡድን ወደ ቡድን ሲዛወር የምናየው ብልሃት የዚህ ዘመድ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ በበግ ዙሪያ ያደገ ውሻ ነው። ኮሊ የስኮትላንድ ደጋ እረኛ ውሻ ነው፤ እኛ አገር በእረኛ ልጅ የሚሠራውን መንጋ መመለስ እሱ ይሠራዋል። አሜሪካዊው ደራሲ አልበርት ፔይሰን ተርሂውን፣ ከ1872 እስከ 1942 የኖረው፣ በኒው ጀርሲ ሰኒባንክ በተባለው ቤቱ ኮሊዎችን አራብቷል፣ በውድድር አቅርቧል፣ ስለ እነሱም ጽፏል፤ ስለ ውሻው ላድ የጻፈው መጽሐፍ በ1919 ታትሟል። ማራባት፣ ማሳየትና መጻፍ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ሲገናኙ አንድ ዝርያ ምን ያህል እንደሚታወቅ የእሱ ሕይወት ያሳያል።

ከ2009 ጀምሮ የተያዘው የእኛም አገር የጋራ ሥራ ፍሬ አሳይቷል። በ2019 በታተመ ግምገማ መሠረት የስድስት ወር ክብደት በዓመት በአማካይ በቦንጋ 0.21፣ በሆሮ 0.18፣ በመንዝ 0.11 ኪሎ ጨምሯል። የመንዙ ቁጥር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በአሥር ዓመት ከአንድ ኪሎ ይበልጣል፤ ይህም በእያንዳንዱ ጠቦት ላይ፣ ያለ ተጨማሪ መኖ፣ ከልጅ ወደ ልጅ የሚወረስ ነው። መኖ የጨመረው ኪሎ መኖው ሲቋረጥ ይጠፋል። ዘር የጨመረው ግን ምርጫው እስካልተተወ ድረስ ይቀጥላል። ዘር የሚያሻሽል ሰው ታጋሽ መሆን ያለበት ለዚህ ነው፤ ዛሬ የመረጠውን ሙሉ ፍሬ የሚያዩት ልጆቹ ናቸው።

ለተማሪዎች የተሰጠ ሥራ

በየቤታችሁ አንድ ደብተር ስድስት ዓምድ አድርጋችሁ አስምሩ፦ የግልገሉ መለያ፣ የልደት ቀን፣ እናት፣ አባት፣ ነጠላ ወይም መንታ፣ የስድስት ወር ክብደት። ሚዛን ባይኖር የደረት ዙሪያውን በገመድ ለክታችሁ በሴንቲ ሜትር ጻፉ። አባቱ ካልታወቀ ክፍት ተዉት፤ በግምት አትሙሉት። የሞተውንም ከነምክንያቱ መዝግቡ፤ ግልገል የሚያሳድጉ እናቶችን የምትለዩት በዚያ ነው።

ከዚያ በዓል ሲደርስና ነጋዴ በር ላይ ሲቆም፣ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ደብተሩን ግለጡና ለዘር የሚቀረው የትኛው እንደሆነ ከወላጆቻችሁ ጋር ወስኑ። የቀረው ጠቦት ዋጋ ሊሸጥ ከቀረቡት ሁሉ ይበልጣል፤ ልጆቹ ሲወለዱም ደብተራችሁ ምስክር ይሆናል።