አምፕሊፋየሩ ለምን ይግላል?

ጥያቄ፦ የቤቴ አምፕሊፋየር አንድ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ እንደ ምጣድ ግሎ በራሱ ይጠፋል። ሲቀዘቅዝ መልሶ ይሠራል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የሚጠፋው ራሱን ከቃጠሎ ለማዳን ነውና ደጋግመው አያስነሡት። ከላዩ ዲኮደር ወይም ዳንቴል ካለ ያንሡ፤ ሙቀቱ የሚወጣው በክዳኑ ቀዳዳዎች ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ከጀርባው ነው። ባለ 8 ኦም ሁለት ስፒከሮች በአንድ መስመር ላይ በፓራለል ሲታሰሩ 4 ኦም ይሆናሉ፤ አምፕሊፋየሩም እጥፍ ከረንት እንዲሰጥ ይገደዳል። ጀርባው ላይ «ከ6 እስከ 16 ኦም» ተጽፎ ከሆነ ይህ ከአቅሙ በላይ ነውና ትርፉን ስፒከር ይንቀሉ። ስፒከሮቹ ሁሉ ተነቅለው እንኳ ከጋለ ችግሩ ውስጡ ነው። ክዳኑን ግን እርስዎ አይክፈቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ውስጥ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይቆያል። ለባለሙያ ይስጡት።