ጠብ፣ ግጭት፣ ክርክር፤ ነጋዴ ለይቶ ሊያውቃቸው የሚገባ ቃላት

ለንግድ ሥራ የእህል ሚዛን እንደሚያስፈልግ ሁሉ የቃልም ሚዛን ያስፈልገዋል። እህሉን በኪሎ ለክቶ የሚሸጥ ነጋዴ ቃሉን ሳይለካ ወደ ደንበኛው ቢልክ፣ በሚዛን ያተረፈውን በቃል ሊያጣው ይችላል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ትምህርት ጠብ፣ ግጭት፣ ክርክር፣ ውዝግብና ሙግት የሚባሉት ቃላት ከየት እንደ መጡና እያንዳንዳቸው ምን ያህል ክብደት እንዳላቸው ይመረመራል። ጥናቱ ለቃላት ፍቅር ብቻ የተደረገ አይደለም። ሰው አለመግባባቱን በጠራበት ስም መሠረት ወይ ወደ ስምምነት፣ ወይ ወደ ፍርድ ቤት፣ ወይ ወደ ከፋ ነገር ይሄዳልና ነው።

ለማስረዳት ያህል አንድ ምሳሌ ይወሰድ። ሉማሜ በምሥራቅ ጎጃም ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የአዋበል ወረዳ ከተማ ናት፤ አገሩም የጤፍ አገር ነው። አንድ የሉማሜ እህል ነጋዴ ለአንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ 50 ኩንታል ነጭ ጤፍ በስልክ ሸጠ እንበል። ጭነቱ ዓባይን ተሻግሮ ደረሰ። ገዥው ግን «ነጭ» ሲባል ከነጩ ሁሉ የላቀው ማኛ መስሎት ነበርና፣ ጆንያውን ፈትቶ ባየ ጊዜ «አታለሉኝ» የሚል መልእክት ላከ። ሻጩም «ስሜን አጥፍተዋል፤ በሕግ እንገናኛለን» ሲል መለሰ። ሚዛኑ አልጎደለም፤ ጤፉም አልተበላሸም። የተለያየው የአንድ ቃል ፍቺ ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ በሁለት አጫጭር መልእክቶች አለመግባባቱ ጠብ ሆነ። ሁለቱ ሰዎች በመካከላቸው የተፈጠረውን ነገር በትክክለኛ ስሙ ቢጠሩት ኖሮ እዚህ ባልደረሰም ነበር።

የቃላቱ ምንጭ

ከሁሉ የከበደው ቃል ጠብ ነው። ምንጩ የግእዙ ጸብእ ሲሆን ትርጉሙ ጦርነት ማለት ነው፤ ጸብአ ማለትም ተዋጋ፣ ወጋ ማለት ነው። ጸጉር ጠጉር፣ ጸሐይ ጠሐይ እንደሚባል ሁሉ የግእዙ «ጸ» በአማርኛ ብዙ ጊዜ «ጠ» ስለሚሆን፣ ጸብ ብለው የሚጽፉም ጠብ ብለው የሚጽፉም አሉ። በዕብራይስጥም የዚህ ቃል ዘመድ የሆነው «ጸባ» ሠራዊት ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ነጋዴ ስለ ደንበኛው «ከእርሱ ጋር ጠብ አለኝ» ብሎ ሲናገር፣ ሳያውቀው ከጦር ሜዳ የመጣ ቃል አንሥቷል ማለት ነው። ጠብ ውስጥ ቂም አለበት፤ ጠበኛም ጠላት ለመሆን የቀረው ጥቂት ነው።

ግጭት ከዚህ ይለያል። ገጨ፣ ተጋጨ ከሚለው የወጣ ሲሆን ዋና ፍቺው መላተም ነው። በጠባብ በር የሚተላለፉ ሁለት ሰዎች ግንባር ለግንባር ይጋጫሉ፤ በመንገድ ላይም ሁለት መኪናዎች ይጋጫሉ። በዚህ ጊዜ በመካከላቸው ጥላቻ ላይኖር ይችላል፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ በአንድ ቦታ መገኘታቸው ብቻ ይበቃል። «የጥቅም ግጭት» የሚለው አነጋገርም የዚሁ ፍቺ ልጅ ነው። አንድ ደላላ ከሻጭም ከገዥም ተቀጥሮ ለአንዱ ዋጋ ከፍ እንዲል፣ ለሌላው ዝቅ እንዲል ሲደክም፣ ክፉ ሰው ባይሆን እንኳ ሁለት ጥቅም በእርሱ ውስጥ ይጋጫል። ከላቲን ወጥቶ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ የገባው «ኮንፍሊክት» የሚለው ቃልም አሠራሩ ይህንኑ ይመስላል፤ «ኮን» አብሮ፣ «ፍሊጌሬ» መምታት ማለት ስለሆነ፣ ትርጉሙ እርስ በርስ መመታታት ነው።

ክርክር ደግሞ ከከረከረ ጋር ዝምድና አለው። መከርከር ማለት እንደ መጋዝ እየሄዱና እየተመለሱ መፈግፈግ፣ መቁረጥ ነው። ሁለት ተከራካሪዎችም አንዱ ቃሉን ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ እየመለሰ ነገሩን ያሻሉ። ክርክር በራሱ ክፉ አይደለም። በገበያ ቀን በገበሬና በነጋዴ መካከል የሚደረገው የዋጋ ክርክር የንግድ ሥራ እስትንፋስ ነው፤ ተከራክረው የተስማሙበት ዋጋ ሳይከራከሩ ከተቀበሉት ይልቅ ይጸናል።

ውዝግብ የሚባለው ነገሩ እንደ ክር ተወሳስቦ መነሻውና መድረሻው ሲጠፋ ነው። በዚህ ላይ አማርኛ አንድ ጥሩ ማስተዋል አለው። ውል የሚለው ቃል ሰዎች የሚዋዋሉትን ስምምነት ብቻ ሳይሆን የክሩንም ጫፍ ይጠራል። ፈታይ ሴት ክሯ ሲወሳሰብባት «ውሉ ጠፋብኝ» ትላለች፤ ውሉን ካገኘችው ግን ልቃቂቱ ሁሉ ይፈታላታል። ነጋዴም በውዝግብ ጊዜ አስቀድሞ የሚፈልገው ውሉን ነው፤ በወረቀት የተጻፈውንም፣ የነገሩንም መነሻ ማለት ነው።

ሙግት ክርክሩ ዳኛ ፊት ሲቀርብ የሚያገኘው ስም ነው። በቀድሞ ዘመን ተሟጋቾች በዳኛ ፊት ማር፣ በቅሎ እያሉ ይወራረዱ ነበርና ሙግት ከጥንትም ወጪ ያለበት ነገር ነው። ነገር የሚለውም ቃል ሊዘነጋ አይገባም። በግእዝ ነገር ማለት ንግግር ነበር፤ በአማርኛ ግን ንግግርም፣ ጉዳይም፣ ሙግትም ሆነ። ጠብ የሚወድ ሰው «ነገረኛ» የተባለው፣ ጠበቃም ቀድሞ «ነገረ ፈጅ» ይባል የነበረው ስለዚህ ነው። ንግግር፣ ጉዳይና ሙግት በአንድ ስም መጠራታቸው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለው መንገድ ምን ያህል አጭር እንደ ሆነ ያሳያል። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» መባሉም በከንቱ አይደለም።

ከሌሎች አገሮች ቋንቋ

የሌሎች ሕዝቦች ቃላትም ለነጋዴ የሚሆን ትምህርት አላቸው። በቻይና ቋንቋ እርስ በርሱ የሚጣረስ ነገር «ማኦዱን» ይባላል፤ ጦርና ጋሻ ማለት ነው። መነሻውም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን የነበረው ሐን ፌይ የሚባል ሊቅ የጻፈው የአንድ ነጋዴ ታሪክ ነው። ነጋዴው ጦሩን ሲሸጥ «የማይበሳው ጋሻ የለም» ይል ነበር፤ ጋሻውን ሲሸጥ ደግሞ «የሚበሳው ጦር የለም» ይል ነበር። ከሰሚዎቹ አንዱ «በጦርህ ጋሻህን ብትወጋውስ?» ብሎ በጠየቀው ጊዜ መልስ አጣ። ዛሬም ለአንዱ ደንበኛ አንድ፣ ለሌላው ደንበኛ ሌላ የሚናገር ነጋዴ ይህን ጥያቄ አንድ ቀን መስማቱ አይቀርም።

በላቲን ደግሞ «ሪቫሊስ» ማለት ከአንድ ወንዝ ውኃ የሚጠቀም ጎረቤት ነበር። ከዚህም ባላንጣ፣ ተፎካካሪ የሚል ፍቺ ወጣ። በአንድ የመስኖ ቦይ የሚጠቀሙ ገበሬዎች፣ ወይም በአንድ ገበያ አጠገብ ለአጠገብ የሚነግዱ ባለ ሱቆች ሊጋጩ የሚችሉት በመራራቃቸው ሳይሆን በመቀራረባቸው ነው። እንግዲያስ ግጭትን ፈጽሞ ማስቀረት አይቻልም፤ የሚቻለው ግጭቱ ወደ ጠብ እንዳይሻገር መጠበቅ ነው።

አንድ ቃል በሁለት ጆሮ ሲሰማ

በምሥራቅ ጎጃም ታሪክ ይህን የሚያስረዳ ከባድ ምሳሌ አለ። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ሥራ ገቢ ላይ ግብር እንዲከፈል የሚያዝዝ አዋጅ ቁጥር 255 ወጣ። መንግሥት ያሰበው የገበሬውን ገቢ አስገምቶ ግብር መቀበል ነበር። የጎጃም ገበሬ ግን ግምት የሚለውን ሲሰማ የተረዳው ልኬታን ነበር፤ ልኬታውም ርስቱን ለማሳጣት የሚመጣ ነው ብሎ ሠጋ። ከአስተዳደሩም ጋር ከዚያ በፊት የተጠራቀመ ቅሬታ ነበረው። ብቸናና ሞጣን ጨምሮ በብዙ አውራጃዎች ገበሬው ገማቾችን አላስገባም አለ። ነገሩ በንግግር ሳይፈታ ቀርቶ ጦር ተላከ፤ የጦር አውሮፕላንም ተሰማራ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ተነሥተው ሌላ ተሾመ፤ ግብሩም እንደ ታሰበው ሳይሰበሰብ ቀረ። የዚህ ሁሉ ምክንያት አንድ ቃል ብቻ ነው አይባልም። ነገር ግን የአንዱ ወገን ቃል በሌላው ጆሮ ምን ሆኖ እንደሚሰማ አስቀድሞ አለመጠየቅ፣ ጥያቄን ወደ ግጭት፣ ግጭትንም የግእዙ ጸብእ ወደሚያመለክተው ወደ ውጊያ እንዴት እንደሚያደርስ በግልጽ ያሳያል።

በውል ውስጥ የሚጻፍ ቃል

ይህ ጉዳይ ዛሬም ለነጋዴው ቅርብ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ መንገድ ሲዘጋ፣ ጭነት ሲዘገይ ታይቷል። ስለዚህ በሽያጭና በማመላለሻ ውሎች ውስጥ «ግጭት ቢነሣ ሻጩ ኃላፊ አይሆንም» የሚል ዐረፍተ ነገር መጻፍ የሚፈልግ ነጋዴ ብዙ ነው። ነገር ግን ግጭት ማለት መላተም ከሆነ፣ የመኪና ግጭት ነውን? የገበያ አምባጓሮ ነውን? ወይስ ውጊያ? ይህ ካልተለየ ዐረፍተ ነገሩ ራሱ አዲስ ክርክር ይወልዳል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ «ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል» ብሎ የሚጠራው ነገር አለ። ጦርነትን፣ የእርስ በርስ ጦርነትንም ጭምር፣ ለዚህ ምሳሌ አድርጎ ይጠቅሳል። ሆኖም ባለ ዕዳው ሊደርስ እንደሚችል አስቀድሞ በተለመደው ሁኔታ ሊያስበው ይችል የነበረውን ነገር፣ ወይም ሥራውን ከማክበድ በቀር ፈጽሞ የማያግደውን ነገር ከዐቅም በላይ ነው አይልም። እንግዲህ መንገዱ የሚያሠጋ መሆኑን እያወቀ የተዋዋለ ነጋዴ በኋላ በዚህ ምክንያት ነጻ እወጣለሁ ብሎ መተማመን የለበትም። የሚሻለው «ከሉማሜ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ በውጊያ ወይም በመንግሥት ትእዛዝ ለዚህን ያህል ቀን ቢዘጋ የማስረከቢያው ቀን በዚያው ልክ ይራዘማል፤ ቀብዱም እንዲህ ይሆናል» ብሎ መዘርዘር ነው።

ለጤፉም እንዲሁ ነው። ሕጉ ገዥ ዕቃውን እንደ ተረከበ ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለት ቢያገኝ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። የምሳሌያችን ገዥ «አታለሉኝ» ከማለት ይልቅ «የላኩልኝ ጤፍ በስልክ ከተነጋገርነው የተለየ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ እኔ ነጭ ሲሉኝ ማኛ ማለትዎ መስሎኝ ነበርና እንዴት እንዳሰቡት ያስረዱኝ» ቢል ኖሮ፣ መብቱንም ባስከበረ፣ ወዳጁንም ባላጣ ነበር። ሻጩም የዋጋ ልዩነቱን በማካፈል ወይም ጤፉን ለሌላ ገዥ በማዞር ነገሩን በአንድ ቀን ሊጨርሰው ይችል ነበር። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደሚባለው፣ ከመጫኑ በፊት የጤፉ ዓይነት፣ ኩንታሉና ዋጋው በአንድ ወረቀት ቢሰፍር፣ ከሁለቱም ወገን የተፈረመበት ናሙና በትንሽ ከረጢት ቢቀመጥ፣ ጥያቄው ከነጭራሹም ባልተነሣ ነበር።

የመለያየትና የማስታረቅ ቃላት

አማርኛ ለጠብ ብዙ ስም እንዳለው ሁሉ ጠብን ለማብረድም የበለጸገ ነው። ሁለት ሰዎች ሲያያዙ መካከል የገባ ሰው ገላገለ ይባላል፤ ግልግል የመጣው ከዚህ ነው። ነፍሰ ጡር በሰላም ስትወልድም «ተገላገለች» ይባላል። ስለዚህ ግልግል መለየት ብቻ ሳይሆን ከጭንቅ መውጣትም ነው። ዕርቅ ግን ከዚህ ያልፋል፤ ተለያይተው የቆሙት ተመልሰው እንዲገናኙ ያደርጋል።

ሕጉም ይህን ልዩነት ጠብቋል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237፣ ቀድሞ በፍትሐ ብሔር ሕግ ይገኙ የነበሩትን የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ ድንጋጌዎች ተክቷል። በግልግል ዳኝነት ባለ ጉዳዮቹ የመረጡት ዳኛ ይፈርዳል፤ ፍርዱም ያስገድዳቸዋል። በዕርቅ ግን አስታራቂው ያቀራርባል እንጂ አይፈርድም፤ የሚስማሙት ባለ ጉዳዮቹ ራሳቸው ናቸው። በውሉ ላይ «ጠብ ቢነሣ በሽማግሌ ይታይ» ብቻ ብሎ የጻፈ ነጋዴ፣ ሽማግሌው ይፍረድ ወይስ ያስታርቅ አልወሰነም። ከሁለቱ የትኛውን እንደ ፈለገ፣ ሽማግሌዎቹ ስንት እንደሚሆኑና ማን እንደሚመርጣቸው ጨምሮ ሊጽፍ ይገባዋል።

እንግዲህ ነጋዴ ሁሉ ቅሬታ ባደረበት ጊዜ ደብዳቤ ከመላኩ በፊት ሦስት ነገር ራሱን ይጠይቅ። በመጀመሪያ፣ የተፈጠረው አለመግባባት ነውን፣ ክርክር ነውን፣ ወይስ በእርግጥ ጠብ? ሁለተኛ፣ የውሉ ጫፍ የት ነው፤ ማለትም ሁለቱ ወገኖች በመጨረሻ የተስማሙበት ቃል የትኛው ነው? ሦስተኛ፣ የሚፈልገው ፍርድ ነውን ወይስ ዕርቅ? ለሦስቱ መልስ ካገኘ በኋላ ከሚያውቃቸው ቃላት ሁሉ ቀላሉን ይምረጥ። ከባዱን ቃል ቢያስፈልግ ነገ ሊጨምረው ይችላል፤ ዛሬ ከላከው ግን መመለሻ የለውም።