ሰው ላጣ በሽተኛ
(ስለ ነርስነት ሙያ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን እኅቶችና ወንድሞች፤ ከመካከላችሁ የትምህርት ክፍል የምትመርጡበት ጊዜ የደረሰ ስላላችሁ ስለ ነርስነት ጥቂት ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

በዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ የመጻጉዕ ወንጌል ይነበባል። 38 ዓመት የታመመው ያ ሰው ጌታችን መዳን ይፈልግ እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ ስለ ደዌው ብዙ አልተናገረም፤ ውኃው ሲናወጥ አንሥቶ የሚያስገባው ሰው ማጣቱን ነው ያመለከተው። መጠመቂያይቱ አጠገቡ ነበረች፤ የሚያደርሰው ግን ጠፋ። ነርስ ማለት በእኔ አስተሳሰብ ይህ የሚያደርሰው ሰው ነው። ሐኪሙ መርምሮ፣ መድኃኒት አዝዞ ወደ ሌላው በሽተኛ ያልፋል። መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚሰጠው፣ ትንፋሹንና የልብ ምቱን የሚቆጥረው፣ ሌሊት ሕመሙ ሲለወጥ ቀድሞ የሚያየው ነርሱ ነው።

ብዙ ወላጆች ግን ሙያውን ዶክተር መሆን ላልቻለ እንደ ተተወ ይቆጥሩታል። (እናቴ እስከ ዛሬ ጎረቤት ሲጠይቃት «ሕክምና ነው የሚማረው» ብላ ታልፋለች።) የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ከ1928 ዓ.ም. በኋላ በስደት እንግሊዝ አገር ሳሉ ለንደን በሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማሩ። የንጉሥ ልጅ ሆነው የታመሙ ሕፃናትን ማጠብ አላሳፈራቸውም። ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1934 ዓ.ም. ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ለቀምት ላይ ሲያርፉ ገና 22 ዓመታቸው ነበር። ኋላ የጦር ኃይሎች የተባለው የአዲስ አበባ ሆስፒታል መጀመሪያ የተሠራው በእርሳቸው መታሰቢያነት ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት በልምምድ ላይ ሳለሁ ግማሽ ሰውነታቸው የማይንቀሳቀስ አንዲት እናት እንድከታተል ተሰጡኝ። እንዲህ ያለ በሽተኛ በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ፣ ወገቡ ሥርና ተረከዙ ላይ አጥንት የሚጫነው ሥጋ ደም አጥቶ ይቆስላል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ድካም አሸነፈኝና ሳላገላብጣቸው ቻርቱ ላይ እንዳገላበጥሁ ጽፌ ተቀመጥሁ። ንጋት ላይ ሳያቸው ወገባቸው ሥር ቀልቷል፤ በጣቴ ስጫነውም መቅላቱ አልጠፋም። የቁስል መጀመሪያ ይህ ነው። ለአስተማሪዬ ተናገርሁ፤ ቻርቱ ታረመ፤ እርሳቸውም ከዚያ ወዲያ በደንብ እየተገላበጡ ቆዳቸው ዳነ። በዚያ ጠዋት ግን ነገሩን ሳያውቁ «ስትለፋ አደርህ፣ ልጄ» ብለው መረቁኝ። ከአስተማሪዬ ተግሣጽ ይልቅ ምርቃቱ አሳፈረኝ። በዚያች ሌሊት አዝንላቸው ነበር እኮ፤ ግን አልተነሣሁም። «እኔ ርኅሩኅ ነኝ» ብላችሁ ብቻ ይህን ሙያ እንዳትመርጡ የምለው ከዚህ የተነሣ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «እሑድ ተረኛ ስሆን ቅዳሴ ይቀርብኛል» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ይቀራል፤ ይከብዳልም። የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው መጻጉዕ የተፈወሰው በሰንበት እንደ ሆነ አስታወሱኝ፤ ቀጥለውም ተራዬ ባልሆነበት እሑድ ተኝቼ እንዳልቀር አስጠነቀቁኝ።

በዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ አራት ዓመት ይፈጃል፤ ከዚያም የመውጫ ፈተናና የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ላይ በርቱ። ሊጠይቀኝ የሚፈልግ ካለ ከእሑድ ጉባኤ በኋላ በመጻሕፍት ቤቱ በር ላይ እገኛለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን የሌሊት ተረኛ ነኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።