ባዮስ ላይ ሠርቶ ዊንዶውስ ላይ የሚደርቅ ኪቦርድ

ጥያቄ፦ መርሳ ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ልከፍት አዲስ ኮምፒውተር ገጣጠምኩ። ባዮስ ውስጥ ኪቦርዱ ይታዘዛል፤ ዊንዶውስ 7 ልጭን ስል ግን ማውሱም ኪቦርዱም ይደርቃል። ሌላ ኪቦርድ ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። ባዮስ ላይ ከታዘዘ ኪቦርዱ ጤነኛ ነው። እንቅፋቱ ዊንዶውስ 7 ራሱ ይመስለኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ የዩኤስቢ 3 ድራይቨር አልነበረውም። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በወጡት የኢንቴል 6ኛ ትውልድ ማዘርቦርዶች ላይ ደግሞ ጥቁሩም ሰማያዊውም የዩኤስቢ ቀዳዳ የሚሠራው በዚሁ በዩኤስቢ 3 መቆጣጠሪያ ነው። ስለዚህ ቀዳዳ እየቀያየሩ አይድከሙ።

ከማዘርቦርዱ ጀርባ ሐምራዊ ክብ ቀዳዳ ካለ፣ ባለክብ ሶኬት የድሮ ኪቦርድ ከጎረቤት ሱቅ ይዋሱ። ኮምፒውተሩን አጥፍተው ይሰኩት፤ በርቶ እያለ ቢሰኩት ላያነበው ይችላል፣ ቦርዱንም ሊጎዳ ይችላል። ዊንዶውሱን ጭነው ሲጨርሱ የዩኤስቢውን ድራይቨር ከማዘርቦርዱ ሲዲ ይጫኑ።

እኔ ግን 7ን ይተዉት እላለሁ። የደህንነት ማሻሻያው ለተራው ተጠቃሚ ጥር 2012 ዓ.ም. ላይ ቆሟል፤ የእርስዎ ሥራ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የደንበኛ ፍላሽ የሚሰካበት ነው። ማሽኑ ከቻለ 11ን ይጫኑ፤ ኪቦርዱም ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ይሠራል።