የእቁብ ዋስና የገጠር ብድር

አነስተኛ ፋይናንስ የሚባለው ቤት ወይም ሌላ ንብረት በመያዣነት ማቅረብ ለማይችሉ ሰዎች ቁጠባና ብድርን በትንሽ መጠን የሚያቀርብ አገልግሎት ሲሆን፣ በአሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አቅራቢያ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ለሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ይህን አገልግሎት ከባንክ ቀድሞ የሚሰጣቸው እቁብ ነው። አዲስ መጤ የክሬዲት ታሪክ፣ ማለትም ዕዳውን በወቅቱ መክፈሉን ለአበዳሪ የሚያሳይ መዝገብ ስለማይኖረው፣ ሥራ ቢይዝም ባንክ ሊያበድረው ያመነታል፤ የእቁብ ዳኛ ግን የሚጠይቀው ዋሱ ማን እንደሆነ ነው።

ሃያ አባላት በየወሩ 500 ዶላር ቢጥሉ ባለዕጣው 10,000 ዶላር ይረከባል። በመጀመሪያው ዙር የወጣለት ሰው ከራሱ 500 ዶላር ሌላ 9,500 ዶላር ያለ ወለድ ተበድሮ በ19 ወራት ይመልሳል፤ የመጨረሻው ባለዕጣ ደግሞ ይህንኑ ያህል ለሌሎች ሲያበድር የቆየ ቆጣቢ ነው። አደጋው ያለው በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ስለሆነ ጸሐፊው የዋሱን ስም ሳይመዘግብ፣ ዋሱም ሳይፈርም ገንዘብ ያዡ ዕጣውን አይለቅም። ይህን ሁሉ የከፈለ ሰው ትጋቱ በክሬዲት መዝገብ አለመግባቱ የሚያስቆጭ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተውና መቀመጫው አርሊንግተን የሆነው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት፣ ኢንተርፕራይዝ ዴቨሎፕመንት ግሩፕ በተባለው ድርጅቱ አማካይነት ለአነስተኛ ነጋዴዎች ማበደሩ ክፍተቱን በከፊል ይሞላል።

እቁብ በገጠርም ያለ ቢሆንም የግብርናን ብድር ብቻውን ሊሸከም አይችልም። የአማራ ክልል ገበሬ አዝመራውን ሰብስቦ የሚሸጠው በበጋ፣ ለዘርና ለማዳበሪያ ገንዘብ የሚቸግረው ደግሞ ክረምቱ ሲቃረብ በመሆኑ፣ በዕጣ የሚወጣ ገንዘብ ወቅቱን ጠብቆ ላይደርስለት ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 147/1991፣ በኋላም በተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 ሕጋዊ ሰውነት የሚያገኘው የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ግን ገንዘቡን አከማችቶ ይጠብቃል፤ አባሉ ድርሻ ሲገዛ የማኅበሩ ባለቤት ይሆናል፣ ቁጠባውም በስሙ ይቀመጥለታል፣ ከብድር የሚገኘው ወለድም ከመንደሩ ሳይወጣ ለአባላቱ ይተርፋል። ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምም አባላት እርስ በርስ በሚዋዋሱበት የቡድን ብድር ለገጠሩ ሲያበድር ኖሯል፤ ልዩነቱ በዚያ ገበሬው ደንበኛ እንጂ ባለቤት አለመሆኑ ነው፣ ይህም ቀላል ልዩነት አይደለም።

ሆኖም የገጠር ዋስትና አንድ ከባድ ድክመት አለበት። በሲልቨር ስፕሪንግ እቁብ ውስጥ ታክሲ ነጂው ሥራ ቢቀዘቅዝበት ነርሷ ወይም ባለምግብ ቤቱ ሊደግፈው ይችላል፤ በአንድ ቀበሌ ግን ዝናብ ሲጠፋ ተበዳሪውም ዋሱም በአንድ ወቅት ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። የቁጠባና ብድር ማኅበራቱ ከቀበሌያቸው አልፈው በዩኒየን፣ ማለትም በማኅበራት ኅብረት ሲደራጁ፣ ዝናብ ያገኘው አካባቢ ቁጠባ ላላገኘው በብድር የሚደርስበት መንገድ ይከፈታል።