ልጆችህን ይዘህ ባሕር ስትወርድ

ልጄ፣ በዚህ ሙቀት ልጆችህን ይዘህ ባሕር ልትወርድ ማሰብህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ሕፃን ልጅ በበጋ አፓርታማ ውስጥ ተዘግቶበት ሲውል ማየት አልወድም። የመረጥኸውም ቦታ ጥሩ ነው። ከነታንያ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄድ ብሎ ያለው የቤት ያናይ ዳርቻ ለቤተሰብ የሚሆን ነው፤ አሸዋው ሰፊና ለስላሳ ነው፣ ሰውም ለታይታ ሳይሆን ለማረፍ የሚመጣበት ነው። በሰሜን ጫፉ፣ ወደ ሚክሞሬት በኩል፣ የአሌክሳንደር ወንዝ ወደ ባሕር ይገባል። ልብህ ቅን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዓይንህ ግን ቶሎ ይዘናጋል። ስለዚህ ከመሄድህ በፊት ይህን አንብብ፤ ለባለቤትህም አንብብላት።

1. ጠባቂ ባለበት ቦታ፣ ጠባቂ ባለበት ሰዓት ብቻ ግባ። ማጺሉ፣ የዋና ጠባቂው፣ ከማማው ላይ የሚቀመጠው ለጌጥ አይደለም። በዚህ በእስራኤል አገር ሰው በብዛት የሚሰጥመው ጠባቂ በሌለበት ዳርቻ፣ ወይም ጠባቂው ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ ነው። የመዋኛው ወቅት በፔሳሕ ገደማ ተጀምሮ እስከ ሱኮት ገደማ ይዘልቃል፤ የዕለቱ ሰዓት በዳርቻው ሰሌዳ ላይ ተጽፏል፤ ቆም ብለህ አንብበው። ማልደህ ሂድ፤ ጥላም ቦታም ታገኛለህ። ዓርብ ከሆነ ደግሞ ለሰንበት መግቢያ በቂ ጊዜ ትተህ ተመለስ። በጥድፊያ የሚሰበሰብ ዕቃ ይረሳል፤ በጥድፊያ የሚሰበሰብ ልጅም እንደዚያው።

2. ልብስህን ከማውለቅህ በፊት ባንዲራውን እይ። ነጭ ከሆነ መግባት ይቻላል። ቀይ ከሆነ ባሕሩ አደገኛ ነው፤ አንተ እስከ ጉልበትህ ትገባ ይሆናል፣ ልጆቹ ግን አሸዋ ላይ ይጫወቱ። ጥቁር ከሆነ ማንም አይገባም። «ከሩቅ መጥተናል፣ ልጆቹም እያለቀሱ ነው» አትበለኝ። የልጅ ለቅሶ በሐብሐብ ይቆማል። ባሕር የወሰደውን ግን ለቅሶ አይመልሰውም።

3. ልጆችህን ከወንዙ አፍ አርቃቸው። ከሁሉ አጥብቄ የምነግርህ ይህን ነው። በበጋ የወንዙ ጉልበት ሲደክም ባሕሩ አሸዋ እየገፋ አፉን ይዘጋበታል። ከአሸዋው ጀርባ ሞቅ ያለ፣ ጥልቀት የሌለው የሚመስል፣ ማዕበል የማይደርስበት ውሃ ይተኛል። ሕፃን ሲያየው ለራሱ የተሠራለት ይመስለዋል፤ እናትም «እዚህ ይሻላል» ትላለች። ከዳርቻው ሁሉ የከፋው ውሃ ግን ያ ነው። ወንዙ የሚነሳው ከሰማርያ ኮረብቶች፣ ከናብሉስ አካባቢ ነው፤ ሲወርድ የከተማ ፍሳሽና የእርሻ እጣቢ ያገኘዋል። ለዓመታት ብዙ ተደክሞበት ከቀድሞው ይልቅ ተሻሽሏል፤ ሆኖም ዓሣ የሚኖርበት ውሃ ሁሉ ለሕፃን አፍ ይሆናል ማለት አይደለም። ደግሞም አፉ ሲከፈት ጅረቱ አሸዋውን ቆርሶ ስለሚያልፍ፣ ትናንት ቁርጭምጭሚት ድረስ የነበረው ዛሬ ከልጅ ቁመት በላይ ሊሆን ይችላል። እኛ ሽማግሌዎች ወንዝ ስናይ ልባችን ይሳባል፤ በአገራችን በኢትዮጵያ መንደራችንን ከወንዝ አጠገብ የምንመሠርተው ለመንጻትም ጭምር ነበርና። ያ ከተራራ የሚወርድ ምንጭ ነው፤ ይሄ ደግሞ ብዙ ከተማ አቋርጦ የመጣ ነው። በክረምትማ ከመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በኋላ ወደዚያ ወገን ጨርሶ አትቅረብ፤ በበጋ የተከማቸውን ቆሻሻ ሁሉ ጠርጎ ወደ ባሕር የሚያወጣው ያኔ ነው።

4. ጸጥ ያለውን ውሃ ተጠራጠር። አባቶቻችን እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ አለ ይሉ ነበር፤ የሜዲትራንያን ባሕርም በዚሁ ይታወቃል። ማዕበሉ ግራና ቀኝ አረፋ እያወጣ ሲሰበር፣ በመካከሉ የማይሰበርበት ልስልስ ያለ መስመር ታያለህ። ዋና የማያውቅ ሰው ለመግባት የሚመርጠው ያንን ነው። ወደ ዳር የተገፋው ውሃ ተመልሶ ወደ ጥልቁ የሚወጣው ግን በዚያው በኩል ነው፤ ሰውንም ይዞ ይወጣል። ከያዘህ በቀጥታ ወደ ዳር አትታገለው፤ ጉልበትህን ይጨርሰዋል። ወደ ጎን፣ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆነህ ዋኝ፤ ከመስመሩ ስትወጣ ማዕበሉ ራሱ ወደ አሸዋው ያግዝሃል። ዋና ካቃተህ በጀርባህ ተንሳፈፍና እጅህን አንሥተህ ጥራ። ነፋስ ከምሥራቅ፣ ከየብስ ወደ ባሕር ሲነፍስም ባሕሩ እንደ ዘይት ይረጋል፤ በዚያን ቀን ልጅህን በአየር የተሞላ ፍራሽ ወይም ጎማ ላይ አታስቀምጥ። ነፋሱ ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ ይወስደዋል፤ ልጁም እየሳቀ ይሄዳል።

5. ልጅ የሚጠብቅ አንድ ሰው በስሙ ይመደብ። አሥር ዘመድ ባለበት ሁሉም «ሌላው እያየ ነው» ብሎ ያስባል፤ ሁሉም የሚጠብቀውን ደግሞ ማንም አይጠብቀውም። የሚሰጥም ልጅ አይጮህም፣ እጁን አያወዛውዝም፤ አፉ ውሃው ሥር ስለሆነ ዝም ብሎ ይወርዳል። ስለዚህ ተራ ግቡ፤ ተረኛው ስልኩን ለሌላ ሰው ይስጥ፣ ወሬም አይጀምር። ትንንሾቹ እጅህን ብትዘረጋ ከምትደርስበት አይራቁ። እናትህን ይዘሃት ከሄድህ ጥላ ሥር አስቀምጣት፣ እግሯን በውሃው እንድታርስ ደግፈህ ውሰዳት፣ አክብራት፤ ልጅ ጠብቂ ብለህ ግን አትሂድ። ብታይ እንኳ ሮጣ ገብታ ልታወጣ አትችልም፤ እንዲህ ያለ ሸክም በአሮጊት ትከሻ ላይ መጣል ግፍ ነው።

6. ውሃ የወሰደው ሰው ስታይ ዘለህ አትግባ። አባት ልጁን ሊያወጣ ገብቶ ሁለቱም የቀሩበትን ቤት ሰምተሃል። አስቀድመህ ማጺሉን በጩኸት ጥራ፤ ሌላው ሰው 101 ይደውልና ያላችሁበትን ቦታ ይንገር። አንተ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውርለት፤ ጎማ፣ ኳስ፣ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካንም ቢሆን። ልጅ ከዓይንህ ቢሰወርም በመጀመሪያ የሚፈለገው ውሃው ነው፣ ከዚያ በኋላ አሸዋው። ገና ስትደርሱ «ከጠፋህ ወደ ማማው ሂድ» ብለህ በጣትህ አሳየው፤ ስልክ ቁጥርህንም በእጁ ላይ ጻፍለት። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

7. ልጆችህን ዋና አስተምራቸው። ከደጋ የመጣነው ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር አርጅተናል፤ ባሕር ሳናይ አድገን ከባሕር ዳር ከተማ ሰፈርን። ያ የእኛ ዕጣ ነበር፤ ለልጆችህ አታውርሳቸው። መዋኛ ገንዳ ያለው ማእከል ሂድና አስመዝግባቸው፤ ሴቶቹንም ወንዶቹንም። ለልደት ድግስ የምታወጣውን ለዚህ አውጣው። አንተም ካልቻልህ አትፈር፤ ከልጆችህ ጋር ተማር። ገንዳ የለመደ ልጅ ግን ባሕር ለመደ ማለት አይደለምና ጥበቃህን አታላላ።

8. የምትቀመጥበትን ቦታ አይተህ ምረጥ። በዚህ ጠረፍ የአሸዋ ድንጋይ ገደል ባለበት ሁሉ ጥላው ደስ ይላል፤ ገደሉ ግን ሳያስጠነቅቅ ይናዳል፣ ከሥሩ አትቀመጥ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ በትልልቅ ካይት እየተጎተቱ በውሃ ላይ የሚንሸራተቱ ወጣቶች ይመጣሉ፤ ገመዳቸውና ሰሌዳቸው ሰው ይጎዳልና ከእነሱ ወገን ራቅ በል። ልጆች ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው እንዳይገቡበት ከልክል፤ አሸዋ ተደርምሶ ያፍናል። ሥጋ የጠበስህበትን የማንጋል ፍምም አሸዋ ውስጥ አትቅበር። ላዩ የቀዘቀዘ መስሎ ውስጡ ለረጅም ሰዓት ይግላል፤ የሚረግጠውም በባዶ እግሩ የሚሮጥ የሰው ልጅ ነው።

9. ጓዝ አታብዛ። ውሃ በብዛት፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ የቀዘቀዘ ሐብሐብ፣ ጥላ የሚሆን ነገርና ባርኔጣ ይበቃል። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት 10 ሰዓት ፀሐዩ ይከፋል፤ ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል፣ ክሬሙን ቀባቸው። ዕቃ የበዛበት ሰው ዕቃውን ሲጠብቅ ልጁን ይረሳል። የጎረቤትህን ድንኳንና ወንበር አይተህም ልብህ አይዘን። ልጅ ከባሕር የሚያስታውሰው አባቱ አብሮት መግባቱን ነው።

10. መዱዛ የሚባለው የሚናደፍ የባሕር እንስሳ በወጣበት ሰሞን ሳትጠይቅ አትሂድ። ሰኔና ሐምሌ ላይ በመንጋ ይመጣል፤ ዝርያው በስዊዝ ቦይ በኩል ከቀይ ባሕር ወገን የገባ ነው። ልጅህን ከነደፈው በባሕር ውሃ እጠበው እንጂ በቧንቧ ውሃ አይሁን፤ አትሸው፣ ኮምጣጤም አልኮልም አታፍስበት፤ መርዙን የበለጠ ይቀሰቅሰዋል። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ያሳርፈዋል። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ፊቱ ካበጠ ሳትዘገይ 101 ደውል። አሸዋ ላይ የሞተ የሚመስለውም ይናደፋልና አያንሡት።

11. ወንዙን አትዋኝበት፣ ግን አሳያቸው። ከአፉ ወደ ላይ ወጣ ብሎ የኤሊዎች ድልድይ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ የሚታዩት ቅርፋቸው ለስላሳ የሆነ ትልልቅ ኤሊዎች ናቸው፤ ክብደታቸው እስከ 50 ኪሎ ይደርሳል። ዝርያቸው በዓባይም፣ በኢትዮጵያ ወንዞችም ይገኛል፤ ይህን ለልጆችህ ንገራቸው። ወንዙ በጣም ከተበከለ በኋላ የማዳኑ ሥራ በ1990ዎቹ ተጀምሮ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ዓለም አቀፍ የወንዝ ሽልማት አግኝቷል። የተበላሸ ነገር በትዕግሥት እንደሚቃና ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኝልህም። ለኤሊዎቹ ዳቦ አትወርውሩ፤ ልጆቹም ጣታቸውን አያቅርቡ፣ ኤሊዎቹ ይነክሳሉ። በበጋ ሌሊት የባሕር ኤሊዎች በዚሁ አሸዋ ላይ ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ፤ የታጠረ ጎጆ ካየህ አልፈህ ሂድ። ስትመለስ ላስቲኩንና ጠርሙሱን ሰብስበህ ውሰድ፤ ኤሊ ላስቲክ በልታ ትሞታለችና።

ልጄ፣ ይህን ሁሉ የጻፍሁት ላስፈራህ አይደለም። ባሕር የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ልጆችህም ይደሰቱበት፣ አንተም ድካምህን ጣልበት። ግን አደጋው ሁልጊዜ ከሚያስፈራው ማዕበል አይመጣም፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሰው ተማምኖ ዓይኑን ካነሣበት ጸጥተኛ ውሃ ነው። ባሕር ዳር ያባት ሥራ ዓይኑን ከልጆቹ አለማንሣት ነው። ይህን አንዱን ከጠበቅህ ሌላውን ምክሬን ግማሹን ብትረሳ እንኳ ይቅር እልሃለሁ፤ ይህን ከረሳህ ግን ሌላውን ሁሉ ማወቅህ አይጠቅምህም። በሰላም ሂዱ፣ በሰላም ተመለሱ፤ ማታ ቤት ስትገባም ደውልልኝ።