ከኳስ ውጭ የሚፈጸም የኃይል ድርጊትና የዳኞች የሥራ ክፍፍል

መግቢያ

በእግር ኳስ ሜዳ የተመልካቹም የዳኛውም ዓይን ኳሷን ይከተላል። ተጫዋች ተጋጣሚውን በክርን የሚመታው ወይም የሚረግጠው ግን ብዙውን ጊዜ ኳሷ ርቃ ሳለች ነው። በመሆኑም የዚህ ጥፋት ዋነኛ ችግር ቅጣቱን መወሰን ሳይሆን ድርጊቱን ማየት ነው። ሳይታይ ያለፈ ምት አጸፋን ይወልዳል፤ ዳኛው ፊቱን ሲያዞር የሚያየው ሁለተኛውን ምት ስለሚሆን፣ ጀማሪው ሜዳ ላይ ቀርቶ ቀድሞ የተመታው በቀይ ካርድ ይሰናበታል። ይህ መጣጥፍ የቪዲዮ ረዳት ዳኛ በሌለበት ውድድር እንዲህ ያለው ኢፍትሐዊነት እንዴት ሊቀንስ እንደሚችል ይመረምራል።

የሕጉ ይዘት

በጨዋታው ሕግ 12 መሠረት፣ ለኳስ ሳይሻማ በተጋጣሚው፣ በቡድን ጓደኛው፣ በዳኛ፣ በተመልካች ወይም በሌላ ሰው ላይ ከልክ ያለፈ ኃይል የተጠቀመ ወይም ለመጠቀም የሞከረ ተጫዋች የኃይል ድርጊት እንደፈጸመ ይቆጠራል። ምቱ ባያርፍም ሙከራው ብቻ ቀይ ካርድ ያሰጣል። ለኳስ ሳይሻማ ሆን ብሎ የሰውን ጭንቅላት ወይም ፊት በእጁ የመታም፣ የተጠቀመው ኃይል እዚህ ግባ የማይባል ካልሆነ በስተቀር፣ ይሰናበታል። አስቀድሞ መነካት አጸፋውን ከቀይ ካርድ አያድንም።

ጨዋታው የሚቀጥልበት መንገድም በአግባቡ መታወቅ አለበት። ለምሳሌ፣ በአርባ ምንጭ ስታዲየም ባለሜዳው ቡድን እያጠቃ ሳለ፣ ተከላካዩ በራሱ ፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ የቀረውን የተጋጣሚ አጥቂ በጥፊ መታ እንበል። ኳሷ በጨዋታ ላይ ከነበረች፣ የቱንም ያህል ብትርቅ፣ ውሳኔው ቀይ ካርድና ፍጹም ቅጣት ምት ነው። ኳሷ ከጨዋታ ውጭ ከነበረች ግን ተጫዋቹ ይሰናበታል፤ ጨዋታው አስቀድሞ በተወሰነው መንገድ ይቀጥላል። ግልጽ የጎል ዕድል ከሌለ በቀር፣ በኃይል ድርጊት ጊዜ ጨዋታው እንዲቀጥል መፍቀድ አይመከርም፤ የዘገየ ፊሽካ ለአጸፋ ጊዜ ይሰጣልና።

የማየት ኃላፊነት

እ.ኤ.አ. በ2006 በበርሊን በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ በተጨማሪው ሰዓት ዚነዲን ዚዳን ማርኮ ማቴራዚን በጭንቅላቱ ደረቱን ሲመታ ዋናው ዳኛ ኦራሲዮ ኤሊዞንዶ አላዩም። ቀይ ካርዱ የወጣው አራተኛው ዳኛ ሉዊስ ሜዲና ካንታሌሆ በመነጋገሪያ መሣሪያ ከነገሯቸው በኋላ ነበር። ውሳኔውን ያስገኘው ኳሷን ሲከተል ያልነበረ ዓይን ነው።

ሕጉ ለዚህ ዓይነቱ ትብብር በር ከፍቷል። ሌላ ዳኛ ጨዋታው ዳግም ከመጀመሩ በፊት ጥፋቱን ለይቶ ለዋናው ዳኛ ለማሳወቅ ከሞከረ፣ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላም ተጫዋቹን ማሰናበት ይቻላል፤ የሚቀረው ለጥፋቱ ይሰጥ የነበረው ቅጣት ምት ብቻ ነው። ስለዚህ መነጋገሪያ መሣሪያ በሌለበት ሜዳ የረዳት ዳኛው ባንዲራ በጊዜ መነሣቱ ወሳኝ ነው።

ለዚህም ከጨዋታው በፊት ማን ምን እንደሚያይ መከፋፈል ያስፈልጋል። ኳሷ ወደ አንዱ ጎል ስትሄድ፣ ከርቀት ያለው ረዳት ዳኛ ከኋላ የቀሩትን ተጫዋቾች፣ አራተኛው ዳኛ ደግሞ የተጠባባቂዎቹን መቀመጫ ይከታተላል። ግርግር ሲነሣ አንዱ ገብቶ ሲያረጋጋ፣ ሌሎቹ ራቅ ብለው ማን እንደጀመረና ማን እንደተቀላቀለ በማሊያ ቁጥር ይመዘግባሉ። ሁሉም ወደ ግርግሩ ከገቡ የሚመሰክር አይኖርም።

ከአገራዊ ተሞክሮ

የኃይል ድርጊት የሚያስከትለው ጉዳት በተጫዋቾች ላይ ብቻ አይወሰንም። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. በመከላከያና በወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ ጨዋታ ዳኛው ጥቃት ሲደርስባቸው፣ የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ለጊዜው ተቋርጦ ነበር።

አጸፋን ስለመግታት ከኩልፎ ወንዝ አካባቢ የሚገኝ ትምህርትም አለ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል በተነሡ ወጣቶች ፊት እርጥብ ሣር ይዘው በመንበርከክ ጥፋቱን አስቁመዋል። በጋሞ ባህል ጠብ ከቆመ በኋላ ጉዳዩ በዱቡሻ ይታያል፤ ማስቆሙ ፍርድን አይተካም፣ ፍርዱም የሁለቱንም ወገን ሥራ ይጠይቃል። ለዳኛውም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፤ በፈጣን ፊሽካና በአካል በመገኘት አጸፋውን ይገታል፣ የሥራ ባልደረቦቹን ይጠይቃል፣ ከዚያ ካርዱን ያወጣል።

ማጠቃለያ

ዋናው ዳኛ እሱም ሆነ ባልደረቦቹ ያላዩትን መቅጣት አይችልም፤ ሳይጠይቅ የቀጣው ግን ግማሽ ፍርድ ነው። ካሜራ በሌለባቸው ሜዳዎች ጀማሪው እንዳያመልጥ የሚያደርገው የሥራ ክፍፍል ወጪ አይጠይቅም፤ ከጨዋታው በፊት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። የዳኞች ሥልጠና የካርዱን ቀለም ከማስተማር ባሻገር፣ ከኳሷ ዓይንን መንቀልንና በጊዜ ማሳወቅን በሜዳ ላይ ልምምድ ሊያካትት ይገባል።